የእንባው አውራ ጎዳና፦ ስለ አስፈሪ ወሬዎቹና ስለጠፉት ሴቶች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በዚህ ገጽ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«የእንባው አውራ ጎዳና» የሚባለው የትኛው መንገድ ነው? ስሙንስ ማን አወጣለት?

በምዕራብ ካናዳ፣ በብሪቲሽ ኮሎምቢያ ግዛት፣ ከፕሪንስ ጆርጅ ከተማ ተነሥቶ በፓስፊክ ውቅያኖስ ዳር እስካለችው የወደብ ከተማ እስከ ፕሪንስ ሩፐርት የሚዘልቀው የ16 ቁጥር አውራ ጎዳና ክፍል ነው። ርዝመቱ 720 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ቫንደርሁፍን፣ በርንስ ሌክን፣ ስሚዘርስን፣ ሄዘልተንንና ቴራስን የመሳሰሉ ትንንሽ ከተሞችን እያገናኘ የሚሄድ ሲሆን፣ በግራና በቀኙ የዳኬል፣ የዌትሱዌተን፣ የጊትክሳን፣ የሲምሺያንና የሌሎችም ነባር ሕዝቦች (አውሮፓውያን ከመምጣታቸው በፊት በአገሩ የነበሩ ሕዝቦች) የሆኑ 23 ማኅበረሰቦች ይኖራሉ። ከአንዱ ከተማ እስከ ሌላው ያለው ግን ደን፣ ወንዝና ተራራ ነው፤ በክረምት ከሰዓት በኋላ ገና በጊዜ ይጨልማል።

ስሙ የወጣው በ1998 በቴራስ ከተማ ለጠፉና ለተገደሉ ሴቶች በተደረገ የመታሰቢያ ሥነ ሥርዓት ላይ ነው። ከተጎጂ ቤተሰቦች ጎን ትቆም የነበረች አንዲት የአካባቢው ተወላጅ፣ እናቶችና እኅቶች ያፈሰሱትን እንባ አስባ እንዲህ ብላ ጠራችው። አስፈሪ ታሪክ የሚተርኩ ሰዎች ስሙን በኋላ ሲያገኙት ለፊልም የተፈጠረ ይመስል ወደዱት፤ መነሻው ግን ለቅሶ ቤት ነው።

ሌሊት በመንገዱ ላይ የሙት መንፈስ ይታያል የሚባለውስ?

ከመንገድ ዳር ቆማ ሊፍት ስለምትጠይቅ፣ ሾፌሩ አዝኖላት ካሳፈራት በኋላም ከመቀመጫዋ ላይ ስለምትሰወር ወጣት ሴት የሚነገረው ተረት የዚህ መንገድ ብቻ አይደለም። የአፈ ታሪክ ተመራማሪዎች በብዙ አገሮች መዝግበውታል፤ መኪና ከመምጣቱ በፊትም በፈረስና በሠረገላ ይተረክ ነበር። አንድ መንገድ ጨለማ፣ ረዥምና ሞት የተፈጸመበት ከሆነ ተረቱ መጥቶ ይለጠፍበታል። በ16 ቁጥር መንገድ ላይም የሆነው ይኸው ነው።

ተረቱ ግን አንድ ነገር ገልብጧል። በተረቱ ውስጥ የሚንቀጠቀጠው ሾፌሩ ሲሆን የምታስፈራው ደግሞ የተሳፈረችው ልጅ ናት። በዚህ መንገድ ላይ በእውነት በተፈጸሙት ወንጀሎች ውስጥ የመኪናውን በር ከፍታ ስትገባ መፍራት የነበረባት እርሷ ነበረች፤ መሪውን የያዘውም ሰው ሥጋና ደም ያለው፣ ሥራ የሚውል፣ ነዳጅ ሲሞላ ሰላምታ የሚሰጥ ሰው ነበር። መንፈስ ነው ሲባል ገዳዩ ከታሪኩ ይወጣል፤ የሚፈለግ ሰው መኖሩም ይረሳል።

በደኑ ውስጥ ዌንዲጎ የሚባል ሰው የሚበላ ፍጡር አለ ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ይህ የነባር ሕዝቦቹ እምነት ነው?

የሌላ ሕዝብ እምነት ነው። ዌንዲጎ ከክሪ፣ ከኦጂብዌና ከነሱ ጋር በቋንቋ ከሚዛመዱ ሕዝቦች ትረካ የተገኘ ሲሆን፣ እነዚህ ሕዝቦች በአብዛኛው የሚኖሩት ከሮኪ ተራሮች በስተምሥራቅ ነው። ከረኃብ፣ ከስግብግብነትና ከክረምት ጋር የተያያዘ ከባድ ምሳሌነት ያለው ትረካ ነው። የጊትክሳንና የዌትሱዌተን ሕዝቦች የየራሳቸው ቋንቋ፣ ጎሳና የዘር ሐረግ ትረካ አላቸው፤ እነዚያን ትረካዎች ማን እንደሚናገራቸው እንኳ በሥርዓት የተወሰነ ነው። ከአሪዞናና ከኒው ሜክሲኮ አካባቢ የናቫሆ ሕዝብ የተወሰደውና ናቫሆዎቹ ራሳቸው በአደባባይ ሊያወሩት የማይወዱት የቆዳ ለባሽ ጠንቋይ ወሬም በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ተጉዞ እዚህ ሲነገር ይሰማል። ነባር ሕዝብ ሁሉ አንድ ነው ብሎ ማሰብ ካለ፣ አንዱን ከሌላው ማደባለቅ አያስቸግርም።

በነገራችን ላይ ፖሊስም ከዚህ ዓይነቱ ነገር ነፃ አልሆነም። የካናዳ ንጉሣዊ ፈረሰኛ ፖሊስ በ2005 ለእነዚህ ወንጀሎች ያቋቋመውን ልዩ የምርመራ ቡድን «ኢ-ፓና» ብሎ ሰየመው። «ኢ» በግዛቱ ያለው የፖሊስ ክፍል መለያ ሲሆን «ፓና» ደግሞ በኢንዊቶች እምነት የሙታንን ነፍስ የሚጠብቅ መንፈስ ነው። ኢንዊቶች የሚኖሩት በአርክቲክ ነው፤ በ16 ቁጥር መንገድ ዳር የኢንዊት መንደር የለም።

ሁሉንም የገደለው አንድ ያልተያዘ ተከታታይ ገዳይ ነው?

ብዙ ሰው የሚያምነው ይህንን ነው። መርማሪዎቹ ግን ሥራቸውን ሲጀምሩ ይህንን ዕድል ክፍት አድርገው የያዙት ቢሆንም፣ እስካሁን የተገኘው ማስረጃ የሚያሳየው ገዳዮቹ ብዙ መሆናቸውን ነው።

በ2012 ፖሊስ፣ ቦቢ ጃክ ፋውለር የተባለ አሜሪካዊ በ1974 የ16 ዓመት ልጅ መግደሉን በዲኤንኤ ማረጋገጡን አስታወቀ። ልጅቱ ወደ ጓደኛዋ ቤት ለመሄድ ሊፍት ስትጠይቅ ነበር የጠፋችው። ሰውየው በዚያው ዓመት በፕሪንስ ጆርጅ የጣሪያ ሥራ ይሠራ ነበር፤ ስሙ ሲታወቅ ግን በሌላ ወንጀል ታስሮ በነበረበት በኦሬገን ግዛት ወኅኒ ቤት ከሞተ ስድስት ዓመት ሆኖት ነበር። በ2019 ደግሞ ጋሪ ሃንድለን የተባለ ሰው፣ በ1978 በሜሪት ከተማ አቅራቢያ ብስክሌት ስትነዳ የጠፋችን የ12 ዓመት የነባር ሕዝብ ተወላጅ ልጅ በመግደል ጥፋተኛ ተባለ። አፅሟ የተገኘው ከ17 ዓመት በኋላ ነበር። እነዚህ ሁለቱም ወንጀሎች የተፈጸሙት በ16 ቁጥር መንገድ ላይ ሳይሆን ከርሱ በስተደቡብ ነው፤ የምርመራ ቡድኑ የ97 እና የ5 ቁጥር መንገዶችንም ስለሚያካትት ነው በአንድ መዝገብ የተያዙት።

ሦስተኛው ከሁለቱም ይለያል። በኅዳር ወር 2010 መጨረሻ አንድ የፖሊስ ባልደረባ ሌሊት በቫንደርሁፍ አካባቢ ከደን መንገድ እየበረረ የወጣ ፒክአፕ መኪና አስቆመ፤ ሾፌሩ ኮዲ ለገቦኮፍ ይባላል፤ ዕድሜው 20 ነበር። ደም ስለታየበት የመጣበት ዱካ በበረዶው ላይ ተከትለው ሲሄዱ የ15 ዓመት ልጅ ሬሳ አገኙ። በ2014 በአራት ሴቶች ግድያ የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደበት። ከአራቱ የአንዷ አስከሬን እስከ ፍርዱ ቀን አልተገኘም። ይህ ሰው በብዙዎቹ የቆዩ ወንጀሎች ሊጠረጠር አይችልም፤ በዚያን ጊዜ አልተወለደም። ሦስቱ ሰዎች በዕድሜ፣ በዘመን፣ በአኗኗርም አይመሳሰሉም። የአንድ ጭራቅ ታሪክ ለመተረክ ይመቻል፤ አንዱ ቢያዝ ሁሉም ያበቃልና። ብዙ ሰዎች፣ በተለያየ ዘመን፣ እነዚህን ልጆች ብንነካ ማንም አይጠይቀንም ብለው ማመናቸው ግን በአንድ እስር የሚያበቃ ነገር አይደለም።

የጠፉትና የተገደሉት ስንት ናቸው? ለምን የተለያየ ቁጥር ይነገራል?

ፖሊስ 18 ይላል፤ 13 የተገደሉ፣ 5 ደብዛቸው የጠፋ፣ ከ1969 እስከ 2006 ባለው ጊዜ ውስጥ። ቤተሰቦችና የነባር ሕዝቦች ድርጅቶች ከ40 በላይ ናቸው ይላሉ። ልዩነቱ የመጣው ከመመዘኛው ነው። በፖሊስ ዝርዝር ውስጥ ለመግባት ተጎጂዋ ሴት መሆኗ ብቻ አይበቃም፤ ሊፍት እንደመጠየቅ ባለ ለአደጋ የሚያጋልጥ ሁኔታ ላይ የነበረች መሆን አለባት፤ በመጨረሻ የታየችበት ወይም ሬሳዋ የተገኘበት ቦታም ከሦስቱ መንገዶች በአንዱ አጠገብ፣ ከአንድ ተኩል ኪሎ ሜትር ገደማ ያልራቀ መሆን ይኖርበታል። ከቤቷ ወጥታ የቀረች፣ ወይም ሬሳዋ ጫካ ውስጥ ራቅ ብሎ የተገኘ ሴት ከቁጥሩ ውጭ ትሆናለች ማለት ነው። ለእናትየው ይህ የርቀት ልኬት ምን ትርጉም እንደሚሰጣት መገመት አያዳግትም።

በዝርዝሩ ውስጥ ያሉት ሁሉ የነባር ሕዝብ ተወላጆች አይደሉም። ነጭ ልጃገረዶችም አሉ።

አደጋውን እያወቁ ለምን ሊፍት ይጠይቃሉ?

ይህ ጥያቄ በብዛት የሚጠየቀው መኪና ባላቸው ሰዎች ነው። ሐኪም ቤቱ፣ ፍርድ ቤቱ፣ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ፣ የሥራ ቦታው፣ የምግብ ሸቀጥ በተመጣጣኝ ዋጋ የሚገኝበት ሱቅ ሁሉ ያለው በከተማ ነው፤ የነባር ሕዝቦች መንደሮች ግን የተመደቡት ከከተማ ርቀው ነው። ገቢያቸው ዝቅተኛ የሆኑ ቤተሰቦች መኪና የላቸውም፤ አገር አቋራጭ አውቶቡሱ በቀን ጥቂት ጊዜ ብቻ ያልፍ ነበር፤ ትኬቱም ውድ ነበር። ስለዚህ ሊፍት መጠየቅ የጀብደኝነት ሳይሆን የትራንስፖርት ጉዳይ ነበር፤ ወንዶችም፣ አሮጊቶችም ይጠይቁ ነበር።

በመንገዱ ዳር ለዓመታት የቆመ አንድ ትልቅ ቢጫ ሰሌዳ አለ፤ ሴት ልጆች በእንባው አውራ ጎዳና ላይ ሊፍት እንዳይጠይቁ፣ ገዳይ እንዳለ ያስጠነቅቃል። ብዙ ጎብኚ ፎቶ ያነሣዋል። በቅን ልብ የቆመ መሆኑን አልጠራጠርም፤ ሆኖም ሰሌዳው የሚናገረው ለልጅቱ ነው፤ በምን እንድትሄድ ግን አይነግራትም።

በመጋቢት 2006 በፕሪንስ ጆርጅ ቤተሰቦች፣ የነባር ሕዝቦች መሪዎችና ባለሥልጣናት ለሁለት ቀን ተሰብስበው 33 ምክረ ሐሳቦች አወጡ፤ ከነዚህ ውስጥ ጎልቶ የወጣው በየመንደሩ የሚያልፍ አውቶቡስ ይመደብ የሚል ነበር። አውቶቡሱ መሥራት የጀመረው በ2017 ነው፤ 11 ዓመት ማለት ነው። በመካከሉ፣ በ2015፣ የግዛቱ የመረጃ ነፃነት ኮሚሽነር ባወጣችው ሪፖርት፣ ስለዚሁ መንገድ የተጻጻፉ ኢሜይሎች መረጃ በተጠየቀበት ጊዜ በአንድ የሚኒስትር ረዳት መደምሰሳቸው ተገለጸ፤ ረዳቱ በመሐላ ሐሰት በመናገሩ በ2016 የ2,500 ዶላር ቅጣት ከፈለ። ከመንፈሱ ወሬ ይልቅ ይህ ያስፈራኛል።

ፖሊስ ለምን አልደረሰባቸውም?

ከፊሉ የወንጀሉ ባሕርይ ነው። ገዳይና ተገዳይ የማይተዋወቁ ሲሆኑ፣ ምስክር ሳይኖር፣ ሬሳ ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ በረዶና አውሬ ባበላሸው ቦታ ሲገኝ ምርመራው ከባድ ይሆናል። የቆዩት ወንጀሎች የተፈጸሙትም የዲኤንኤ ምርመራ ባልነበረበት ዘመን ነው።

ቀሪው ግን በሰው እጅ የሆነ ነው። ቤተሰቦች በተደጋጋሚ እንደመሰከሩት፣ ልጃቸው መጥፋቷን ለማመልከት ሲሄዱ «ጠጥታ ይሆናል»፣ «ኮብልላ ይሆናል»፣ «ትመለሳለች» የሚል መልስ ያገኙ ነበር፤ በምርመራ ውስጥ እጅግ ዋጋ ያላቸው የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት በዚህ ያልፉ ነበር። የምርመራ ቡድኑ በጀትም በ2009 እና 2010 ከአምስት ሚሊዮን ዶላር በላይ ከነበረበት በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከአንድ ሚሊዮን በታች ወረደ።

በነባር ሕዝቦችና በፖሊስ መካከል ያለው አለመተማመንም ሥሩ ጥልቅ ነው። ከ150,000 በላይ ልጆች ከወላጆቻቸው ተለይተው ቋንቋቸውን እንዲረሱ ወደተደረጉባቸው አዳሪ ትምህርት ቤቶች ሲወሰዱ፣ ወላጅ አልሰጥም ካለ በር የሚያንኳኳው ፖሊስ ነበር። በዳኬል ቋንቋ የፖሊስ መጠሪያ «የሚወስዱን ሰዎች» ማለት ነው። የሰብዓዊ መብት ተሟጋቹ ድርጅት ሂዩማን ራይትስ ዎች በ2013 ባወጣው ሪፖርት፣ በሰሜን ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ያሉ የነባር ሕዝብ ሴቶችና ልጃገረዶች በፖሊሶች ድብደባና ወሲባዊ ጥቃት ደረሰብን ብለው የሰጡትን ቃል መዝግቧል። በፕሪንስ ጆርጅ ደግሞ ዴቪድ ራምሲ የተባለ ዳኛ፣ ችሎቱ ፊት ቀርበው በነበሩ የነባር ሕዝብ ልጃገረዶች ላይ ጥቃት መፈጸሙን በ2004 አምኖ የሰባት ዓመት እስራት ተፈርዶበታል። ታናሽቱ 12 ዓመቷ ነበር። የእርሱን ፍርድ የሰማች ሌላ ልጅ ያየችውን ወንጀል ለማን ብላ ትናገራለች?

ነጭ ሴት ስትጠፋ ልዩነት አለ የሚባለው ማጋነን ነው?

አይደለም። በ2002 በዛፍ ተከላ ሥራ ላይ የነበረች የ25 ዓመት ነጭ ወጣት ከፕሪንስ ጆርጅ ወጣ ብሎ ሊፍት ስትጠይቅ ከታየች በኋላ ጠፋች። ፍለጋው ሰፊ ነበር፤ የአገሪቱ ጋዜጦችና ቴሌቪዥኖችም ዘገቡት። የመንገዱ ስም ከአካባቢው ወጥቶ በመላ ካናዳ የታወቀው ከዚያ በኋላ ነው። የነባር ሕዝብ እናቶች ከዓመታት በፊት ጀምሮ በዚያው መንገድ ዳር ፎቶ ይዘው ይቆሙ ነበር። ይህን ማለት ለወጣቷ የተደረገው ፍለጋ በዝቷል ማለት አይደለም፤ ለሌሎቹም የሚገባው ልክ ያ ነበር። እርሷም እስከ ዛሬ አልተገኘችም።

ችግሩ በዚህ መንገድ ብቻ የተወሰነ ነው?

አይደለም፤ መንገዱ በስሙ ምክንያት ስለታወቀ እንጂ። የፈረሰኛ ፖሊሱ በ2014 ባወጣው ሪፖርት ከ1980 እስከ 2012 በመላ ካናዳ 1,017 የነባር ሕዝብ ሴቶች መገደላቸውን፣ ከነዚህም ሌላ ጠፍተው ያልተገኙ 164 ሴቶች መኖራቸውን ገልጿል። ከአገሪቱ ሴቶች 4.3 በመቶ ብቻ ሆነው ከተገደሉት ሴቶች ግን 16 በመቶ ነበሩ። ከሴቶቹ ብዙዎቹን የገደሉት የሚያውቋቸው ሰዎች ናቸው፤ ይህም የማይታወቀው የመንገድ ገዳይ ወሬ የሚሸፍነው ሌላው ሐቅ ነው። በ2016 ሥራ የጀመረው ብሔራዊ አጣሪ ኮሚሽን በሰኔ 2019 ሪፖርቱን ሲያቀርብ 231 የፍትሕ ጥሪዎችን አውጥቶ፣ የተፈጸመውን ነገር የዘር ማጥፋት ሲል ጠርቶታል። ቃሉ በካናዳ ብዙ አከራክሯል።

በካናዳዋ ዊኒፔግ ከተማ ደግሞ በ2022 የተገደሉ የሁለት የነባር ሕዝብ ሴቶች አስከሬን በቆሻሻ መጣያ ሥፍራ እንዳለ ፖሊስ እያመነ፣ ቁፋሮው አደገኛና አስቸጋሪ ነው በሚል ሳይፈለግ ቆየ። ልጆቻቸው ሰልፍ ወጡ፤ ድንኳን ተክለው ተቀመጡ፤ የግዛቱ መንግሥት ከተቀየረ በኋላ ቁፋሮው ተጀመረና በ2025 መጀመሪያ ላይ ሁለቱም ተገኙ።

ታሪኩን በአማርኛ የአስፈሪ ታሪክ ዝግጅት ላይ ማቅረብ ነውር ነው?

ማቅረቡ ሳይሆን አቀራረቡ ነው የሚያስነውረው። ሐዘን በእኛም ዘንድ ሥርዓት አለው፤ ለቅሶ ቤት ገብቶ ስለ ሟች ተረት የሚፈጥር ሰው ከቤት ይወጣል። በስሚዘርስ አንዲት ቤተሰብ በ1994 የጠፋችውን የ16 ዓመት ልጇን ለማስታወስ በየዓመቱ በሰኔ ወር በመንገዱ ላይ ትጓዛለች፤ ገዳዩ ዛሬም አልታወቀም። የሬሳውን ሁኔታ በዝርዝር የሚተርክ፣ የጩኸት ድምፅ የሚጨምር፣ የልጅቱን ፎቶ ከመንፈስ ሥዕል ጋር የሚያቀናብር ሰው ያ ቤተሰብ ሊያየው እንደሚችል ማሰብ አለበት። አውቶቡስ አለመኖሩን፣ አቤቱታው እንዴት እንደተመለሰ፣ ማን እንደተፈረደበትና ማን እንዳልተፈረደበት የሚናገር ሰው ግን አድማጩን ሳያሰለች ማስደንገጥ ይችላል።

ዛሬ መንገዱ ምን ላይ ነው?

ትልቁ አገር አቋራጭ አውቶቡስ በ2018 ከሰሜኑ አካባቢ ሲወጣ ግዛቱ በምትኩ የራሱን አውቶቡስ አሰማርቷል። የስልክ ኔትወርክ ይሠራ ባልነበረበት 252 ኪሎ ሜትር ላይ አዳዲስ ምሰሶዎች እንዲተከሉ በ2021 ስምምነት ተደርጓል። በመንገዱ ዳር የሚታዩት ባዶ ቀይ ቀሚሶች በ2010 በሜቲስ (ከነባር ሕዝቦችና ከአውሮፓውያን የተወለደ ሕዝብ) አርቲስት ጄሚ ብላክ ከተጀመረው የመታሰቢያ ሥራ የመጡ ናቸው፤ ባዶ መሆናቸው ለብሳቸው የነበረችው ሴት አለመኖሯን ያሳያል። ለማስፈራራት የተሰቀሉ የሚመስላቸው መንገደኞች አሉና ማንሣት አይገባም።

የቆዩት መዝገቦች ተዘግተዋል?

አልተዘጉም። በካናዳ ሕግ የግድያ ክስ በይርጋ አይታገድም፤ የ1969ኙም ቢሆን ዛሬ ማስረጃ ቢገኝ ፍርድ ቤት ሊቀርብ ይችላል። የሚያውቁት ነገር ያላቸው ሰዎች ለፖሊስ፣ ወይም ስማቸውን ሳይገልጹ ለወንጀል ጥቆማ መስመር ሊናገሩ ይችላሉ።